ቱራ እና የፊደል ሰበብ

አንዲት ተራ የምትመስል ቃል የመንግሥታትን የቋንቋ ፖሊሲ ልትመዝን ትችላለች ብል ማጋነን አይሆንም። ቃሏ «ቱራ» ትባላለች። ፊንላንዳውያን በብርድ ወራት የጠጠረውን የሐይቅ በረዶ የሚሰብሩባት የእጅ መሣሪያ ናት። መልኳ ከእኛ ድጅኖ ብዙም አይርቅም፦ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ እንደ መሮ የተሳለ ብረት። ዓሣ አጥማጁ ከፊቱ ያለውን በረዶ እየወጋ መርገጥ ይቻል እንደሆነ ይፈትሽባታል፤ ከዚያም መረቡን የሚሰድድበትን ቀዳዳ ይከፍትባታል።

ቃሏ ድንበር አታውቅም። ኢስቶኒያውያን «ቱር» ይሏታል፤ በሩሲያ የሚኖሩት ካሬሊያውያንም «ቱራ» ይላሉ። የቋንቋዎቹ ዕጣ ፈንታ ግን ለየቅል ነው።

ፊንላንድ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ሳለች የቢሮና የፍርድ ቤት ቋንቋ ስዊድንኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ዳግማዊ አሌክሳንደር ያወጡት ድንጋጌ ፊንላንድኛ በ20 ዓመት ውስጥ በቢሮና በፍርድ ቤት ከስዊድንኛ ጋር እንዲስተካከል መንገድ ከፈተ። ዛሬ የዓሣ አጥማጁ ቋንቋ የሕግና የዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ነው። ስዊድንኛም አልተሻረም፤ ሁለቱም ብሔራዊ ቋንቋዎች ናቸው።

ካሬሊያኛስ? በሕዝቡ ስም የተጠራ ሪፐብሊክ አለ፤ ቋንቋው ግን በዚያው ሪፐብሊክ የመንግሥት ቋንቋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሩሲያ ፌዴራል ሕግ የሪፐብሊኮች የመንግሥት ቋንቋዎች በሲሪሊክ ፊደል እንዲጻፉ ያዝዛል፤ ካሬሊያኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው ቆጠራ ቋንቋውን እናውቃለን ያሉት 25 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ።

«ተናጋሪው ካነሰ ሕግ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ፊንላንድኛ በ1863ም የብዙኃኑ ቋንቋ ነበር፤ ካሬሊያኛ በስሙ በተጠራው ምድር እንኳ የጥቂቶች ነው። ነገር ግን ማነስ ጥበቃ የሚያስፈልግበት ምክንያት እንጂ ጥበቃ የሚነፈግበት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ፊንላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 በግዛቷ ለሚነገረው ካሬሊያኛ በአውሮፓ የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር ሥር ዕውቅና ሰጥታለች።

አንድ ግዛት በሕዝብ ስም ተጠርቶ የሕዝቡን ቋንቋ በፊደል ሰበብ ከደጅ ካስቀረ፣ የወረሰው ስሙን ብቻ ነው። ቋንቋው ከቢሮና ከትምህርት ቤት ከተገፋ ቱራም ከአያቶች አፍ ወደ ሙዚየም መግለጫ ትሻገራለች፤ መሣሪያዋ ትቀራለች፣ የሚጠራት ግን ይጠፋል።