ካለመጠየቅ



በሥራ ላይ ሳለሁ ለአንዲት እናት የሕፃን ሽሮፕ ሰጥቼ «በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ማንኪያ» ብዬ ሸኘኋት። በማግስቱ ልጇን አዝላ እየሮጠች መጣች፤ ልጁ ከእንቅልፍ አልነቃ ብሏት ነበር። ለካስ የሰጠችው በሾርባ ማንኪያ ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የሾርባው 15 ይይዛል። ደግነቱ ልጁ ተረፈ። እኔ ግን «ለምን አልጠየቅሽኝም?» ብዬ ተቆጣኋት። «ሲስተር፣ እናንተን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ይህ ነገር የታወሰኝ ሰሞኑን ስለ ኮንዶርሴ ሳነብ ነው። ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1743 የተወለደ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። ሕግ ሰውን ሁሉ እኩል ቢያደርግም፣ የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን እጅ እያየ ይኖራል ይል ነበር። ሁሉም ሊቅ ይሁን አላለም። ማንበብ፣ ማስላትና መብቱን ማወቅ የቻለ ሰው በዕውቀት ከሊቁ ቢያንስም የሊቁ ጥገኛ አይሆንም ነው ያለው። ስለዚህ በ1790 ሴቶች የዜግነት መብት ይኑራቸው ብሎ ጻፈ፤ በ1792 ደግሞ ትምህርት በነጻ እንዲሰጥ ለአገሩ ምክር ቤት ዕቅድ አቀረበ።

በ1793 አዲሱን ሕገ መንግሥት በመንቀፉ እንዲታሰር ታዘዘ። ፓሪስ ውስጥ በአንዲት ሴት ቤት ተሸሽጎ ስለ ሰው ልጅ አእምሮ ዕድገት መጽሐፍ ጻፈ። ወደፊት በሽታን መከላከል እንደሚቻል፣ ዕድሜም እንደሚረዝም ተስፋ አድርጎበታል። በ1794 ተይዞ በእስር ቤት ሲሞት ልጁ ገና አራት ዓመት አልሞላትም። መጽሐፉ የታተመው በዓመቱ ነው።

በዕድሜው ጉዳይ አልተሳሳተም፤ በዘመኑ ሕዝብ ይፈጅ የነበረው ፈንጣጣ ዛሬ የለም። ግን ዕድገት በራሱ አይመጣም። ክትባቱ ቢኖርም እናት ካልጠየቀች፣ ነርሷም ካላስረዳች ልጅ ይጎዳል።

እኛም ቤት «ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ሲናገር» እያልን ያችን እናት መልሰን እናሳድጋለን። አክብሮትና ፍርሃት ይለያያሉ። የልጅ ልጄ «ለምን?» ስትለኝ፣ ካወቅሁ እነግራታለሁ፤ ካላወቅሁ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» እላታለሁ። ጤና ጣቢያ ስትወስዷቸውም ሕመማቸውን ራሳቸው ይናገሩ፤ የመድኃኒቱን መጠን ራሳቸው ይጠይቁ።

አባቶቻችንስ «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለው የለ?