«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም

ከአምባሰል ተነስቶ ሐይቅ ከተማ ባንክ ደጅ የደረሰ ገበሬ «ሲስተም የለም» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሲስተም እንደ ዝናብ በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ ይመስለዋል። ይህን ያስለመዱት «አጥፍተን አብርተነዋል» ብለው የሚገላገሉ ባለሙያዎችና ለምን ብለው የማይጠይቁ አለቆች ናቸው።

ወገን፣ ነገሩ ረቂቅ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የጃቫ ፕሮግራም ነው። በባንኮቻችን የሚታወቀው ቲ24ም በጃቫ የሚሠራ ስሪት አለው። የጃቫ ፕሮግራም ሲነሳ መመሪያውን ይዞ ይነሳል፦ ስንት ሜሞሪ ልጠቀም፣ የትኛውን ዳታቤዝ ላናግር፣ በየትኛው አገር ሰዓት ልቁጠር። ፋይሉን ዛሬ ብታርሙት፣ ከትናንት ጀምሮ የሚሠራው ፕሮግራም በአብዛኛው የሚሄደው በትናንቱ ነው። የተጻፈው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ። (ሕገ መንግሥታችንን ያነበበ ይህ አይገርመውም።) ስለዚህ ፋይል ከፍቶ «ይኸው ትክክል ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

የሚሠራውን ፕሮግራም ራሱን መጠየቅ ይቻላል። ጄሲኤምዲ የሚባል መሣሪያ ከጃቫ ጋር አብሮ ይመጣል። የፕሮግራሙን ቁጥር ሰጥታችሁ «ቪኤም ፍላግስ» ካላችሁት አሁን የሚሠራበትን መመሪያ ይዘረዝራል፤ «ቪኤም ኮማንድ ላይን» ካላችሁት በምን ትእዛዝ እንደተነሳ ይናገራል። የሰከንዶች ሥራ ነው። አጥፍቶ ማብራት ግን ይህን ሁሉ ያጠፋል። ሬሳውን ሳይመረምሩ መቅበር ማለት ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ንግድ ባንክ የደረሰበትን አስታውሱ። ሰዎች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ ገንዘቡ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነው አለ። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው ተባልን። ቀጥሎ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ አደባባይ ወጣ። የራሱ ያልሆነውን የወሰደ ይመልስ፣ በዚህ አልከራከርም። ጥፋቱ የጃቫ ነውም አላልኩም። ግን የተማሪው ፎቶ ሲለጠፍ፣ ሲስተሙ በዚያ ሌሊት በምን መመሪያ ይሠራ እንደነበር ለምን አብሮ አልተለጠፈም?

«ምስጢር ነው» የሚል አይጠፋም። የይለፍ ቃል ማንም አልጠየቀም፤ ሸፍኑት። የቀረውን ግን ሲስተሙን ከማጥፋታችሁ በፊት ከነሰዓቱ መዝግባችሁ አስቀምጡ። የብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪም ሲመጣ ፋይሉን ሳይሆን ያንን መዝገብ ይጠይቅ።