ለጥያቄያችሁ መልስ፦ ቴክኒሽያን ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት ስለ ንጹሕ ውሃ ጽፈንላችሁ ነበር። በዚህ ሳምንት ደግሞ ስለ አፈር ልንጽፍ አስበን ነበር። ሆኖም አንዲት ተማሪያችን አንድ ቃል ይዘው መጡ። ቃሉ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የለም። ስለዚህ አፈሩ ይቆየን።

ተማሪያችንን እማማ ብለን ነው የምንጠራቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። የሚኖሩት ከዲላ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ቡናም እንሰትም አላቸው። ትምህርት የጀመሩት ዘንድሮ ነው። መጀመሪያ በጌዴኡፋ ይማሩ ብንላቸው፣ «እሱን ቀጥዬ እማራለሁ፤ አሁን የአማርኛውን ፊደል ስጡኝ» አሉን። ለምን እንደሆነ ያኔ አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

ማክሰኞ ዕለት ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ እሳቸው ቀሩ። ከነጠላቸው ሥር አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ቆርቆሮው ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤዎቹ የታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ወንድማቸው በ1970ዎቹ ዓመታት አየር ኃይል ገብቶ ደብረ ዘይት ይኖር ነበር። («እሱ» ብለን የምንጽፈው እማማ እንደዚያ ስለሚሉት ነው። ደግሞም ደብዳቤውን ሲጽፍ ዕድሜው የኛን ያህል ነበር።)

ደብረ ዘይት የምትባለው ከተማ ዛሬ በጥንት ስሟ ቢሾፍቱ ትባላለች። የዲላና የይርጋ ጨፌ ቡና ጭኖ የሚሄድ መኪና በሐዋሳ፣ በሻሸመኔና በመቂ አልፎ ሞጆ ይደርሳል። ከሞጆ በአሮጌው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲታጠፍ ቢሾፍቱን ያገኛል። ከኛ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከናንተ መካከል ቡና ጭናችሁ ያለፋችሁ ካላችሁ ሰማዩ ሲያጓራ ሰምታችሁ ይሆናል። የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር ዛሬም እዚያው ነው።

ወደ ደብዳቤዎቹ እንመለስ። በዚያን ጊዜ በእማማ መንደር ማንበብ የሚችሉ አንድ ሰውዬ ነበሩ። ደብዳቤ ሲመጣ የእማማ እናት እንቁላል ወይም አንድ ጣሳ ቡና ይዘው ወደ ሰውዬው ይሄዳሉ። ሰውዬው ያነባሉ፤ እናት ያለቅሳሉ፤ ጎረቤት ይሰማል። «ልጅሽ አብራሪ ሆኗል። ከደመና በላይ ይሄዳል» ተባሉ። ቤቱም «የአብራሪው ቤት» ተባለ። እማማም የአብራሪው እህት ሆነው አደጉ፤ በዚሁ ስም ተዳሩ።

እንግዲህ እማማ ዘንድሮ ፊደል ቆጠሩ። ቆርቆሮውን ከፈቱ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በአራት ሌሊት አነበቡት። በደብዳቤው ውስጥ «አብራሪ» የሚል ቃል አጡ። በምትኩ ይህ ረጅም ቃል አለ። ቴ-ክ-ኒ-ሽ-ያ-ን። ስድስት ፊደል ነው። «ይሄ አብራሪ ማለት ነው ወይ ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን።

አይደለም፣ እማማ።

ቴክኒሽያን ማለት መሣሪያ የሚያውቅ፣ የሚጠግን ባለሙያ ማለት ነው። አይሮፕላን ሲነሣ እኛ የምናየው አብራሪውን ብቻ ነው። በተዋጊ አይሮፕላን ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ነው። ከሥሩ ግን ብዙ ሰው አለ። ሞተር የሚያየው ሌላ ነው። ሬድዮ የሚያየው ሌላ ነው። ነዳጅ የሚቀዳ፣ ጎማ የሚለውጥ፣ የአብራሪውን ጃንጥላ የሚያጥፍ፣ ማማ ላይ ሆኖ ተነሣ፣ እረፍ፣ ቆይ የሚል አለ። እሳት አደጋ አለ፤ ሐኪም አለ፤ ወጥ ቤትም አለ።

የቴክኒሽያኑ ሥራ ገና ሳይነጋ ይጀመራል። አይሮፕላኑን በባትሪ መብራት እየዞረ ያያል። ዘይት ያንጠባጥባል ወይ? ጎማው ተሰንጥቋል ወይ? ክንፉ ላይ የሚንቀሳቀሰው ክፍል በደንብ ይዞራል ወይ? ከነዳጁ ጥቂት በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያያል። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ወጥ ስትሠሩ ዘይት ከላይ እንደሚንሳፈፈው ማለት ነው። ታዲያ ጥቂት ውሃ ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ብርዱ ይጠነክራል፤ ውሃው በረዶ ይሆንና የነዳጁን መንገድ ይዘጋዋል። ሞተሩም ሰማይ ላይ ይጠፋል። ሰማይ ላይ መኪናን እንደማቆም ጥግ ይዞ ማቆም የለም።

ሌላም አለ። የጄት ሞተር አየር የሚስበው በኃይል ነው። መንደርደሪያው ላይ የወደቀች አንዲት ብሎን ወይም ጠጠር ከተሳበች ሞተሩን ልትሰብረው ትችላለች። ስለዚህ በዓለም ሁሉ በእንዲህ ያለ ሰፈር ሰዎች ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ መሬት መሬት እያዩ ይሄዳሉ። የወደቀ ቡና እንደሚለቅም ሰው ጠጠር ይለቅማሉ። ወፍም አደገኛ ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ የሐይቅ አገር ነው። ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ፤ ሐይቅ ባለበት ወፍ አይጠፋም።

መፍቻውም ይቆጠራል። ሥራ ሲያልቅ አንድ መፍቻ ከጎደለ አይሮፕላኑ አይነሣም፤ ሞተሩ ውስጥ ተረስቶ ይሆናላ! ከዚያ ሁሉ በኋላ የተሠራው በመዝገብ ይጻፋል። ቴክኒሽያኑ ይፈርማል። አብራሪውም መዝገቡን አንብቦ ይፈርማል። ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ስለ ቦታው ታሪክ ጥቂት እንበል። አይሮፕላን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ የበረራ ትምህርት ሲቋቋም ብዙ የረዱት ስዊድኖች ናቸው። ዋናው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ይባል ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀል አይሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነት ተገደለ። ከስዊድኖቹ ቀጥሎ የአሜሪካ ጄቶች መጡ። ሰፈሩ ሁልጊዜ ሰላም አልነበረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. እዚያ የነበሩ የበታች ባልደረቦች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው መኮንኖቻቸውን ይዘው ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት በአሜሪካ ጄቶች ተዋጉ። በዚያው ጊዜ መንግሥት ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ። አይሮፕላኑ ተለወጠ፤ የጥገናው መጽሐፍም ተለወጠ፤ እንግሊዝኛ የነበረው ራሽያኛ ሆነ።

ይህን የምንነግራችሁ በምክንያት ነው። በሦስተኛው ደብዳቤ የእማማ ወንድም እንዲህ ይላል። «አሁን ደግሞ እንደ ሕፃን ከሀ ሁ ጀምሬያለሁ። የራሽያ ሀ ሁ ነው። ፊደሉ ያደክመኛል።» ሰውዬው ይህን ለእናት ሲያነቡ ምን ብለው ነበር? «ልጅሽ ወደ ራሽያ ሊበር ነው።» እማማ ይህን ሲነግሩን ሳቁ። እኛም ሳቅን። ከዚያ አራተኛውን ደብዳቤ አወጡ፤ ያኔ ሳቁ ቆመ።

አራተኛው አጭር ነው። እማማ እጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ አነበቡልን። «እናቴን አምጡልኝ። መሳፈሪያውን እኔ እችላለሁ። ከአጥር ውጪ ቆማም ቢሆን እኔ የሠራሁት አይሮፕላን ሲነሣ ትይ።» ይህ ለእናታቸው አልተነበበላቸውም። እማማ እርግጠኛ ናቸው። «ቢነበብላት ኖሮ በእግሯ ትሄድ ነበር» አሉ። እናታቸው ዛሬ የሉም።

ሰውዬው ለምን እንዲህ አደረጉ? እኛ አስተማሪዎቹ ማታ ተከራከርንበት። አንዳችን ቃሉን ስላላወቁት ነው አለ። ሌላዋ እናቲቱን ደስ ለማሰኘት ነው አለች። ታዲያ አራተኛውን ምን እንላለን? እናት መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ አስበው ይሆን? ሰውዬው ሞተዋል፤ አይጠየቁም። ስንከራከር አምሽተን አልተስማማንም። በማግሥቱ ለእማማ ስንነግራቸው ግን ብዙም አልቆዩበትም። «ክፉ ሰው አልነበረም። ቡናውም ውድ አልነበረም። ደብዳቤው ግን የእናቴ ነበረ» አሉ።

ወንድምየው አንድ ጊዜ ለፈቃድ መጥቶ ነበር። ይህም ከአራተኛው ደብዳቤ በፊት ነው። የመንደሩ ሰው «አብራሪው! አብራሪው!» እያለ ከበበው። እማማ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ግን ያስታውሳሉ። ወንድማቸው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጨዋነቱ ነው ብለው ነበር ሰዎቹ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቀድሞው ሠራዊት ፈረሰ፤ ሰው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም።

ቀሪዎቹን ሰባት ደብዳቤዎች እናንብብልዎት ወይ ብለን ጠየቅናቸው። ማታ ይመሻል፣ ዓይንዎም ይደክማል አልናቸው። እማማ የቆርቆሮውን ክዳን ገጠሙ።

«የለም፣ ልጆቼ። እናንተ የማላውቀውን ቃል ብቻ ንገሩኝ።»

ዛሬ ጠዋት መጥተው አምስተኛው ላይ እንደደረሱ ነገሩን። ለሚቀጥለው ሳምንት የያዙልን ቃል «ሀንጋር» የሚል ነው። አፈሩ ገና ይቆያል።