ፈረሱ ደንባራ አይደለም፣ እኛ ነን የምናስደነብረው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘርም አይደለም። ስለ ፈረስ ነው፣ ትንሽ ተናድጄም ነው።

ሰሞኑን እዚሁ ሳሪስ አቦ አካባቢ አንድ አባታችን ፈረስ ገዙ። ቅዳሜ ከገበያ መጣ፣ ሰኞ ጠዋት ጋሪ ላይ ታሰረ። ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሲኖትራክ ከኋላው ጥሩምባውን ሲነፋ ፈረሱ ዘለለ፤ የጋሪው ብረት ደረቱን ቀደደው። እኔ ስደርስ ደሙ ይፈሳል፣ ሁለት ልጆች ደግሞ በጅራፍ ይገርፉታል። ቆሞ የሚያየው ሰው «ይሄ ደንባራ ነው፣ ገበያ መልሱት» ይላል። ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ጨምሩላት ማለት ይሄ ነው እኮ!

እኔ ጥፋቱ የፈረሱ ነው ብዬ አልቀበልም። እስኪ አስቡት፤ ባለፈው ሳምንት ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይግጥ ነበር። ዛሬ ብቻውን ታስሯል፣ ውሃው ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ሰዉም ሌላ። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ቀንድ የለውም፣ ዋናው መከላከያው መሮጥ ነው። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ያያል፤ ልክ ከጭራው ኋላና ከግንባሩ ፊት ያለውን ግን አያይም። ከኋላ በድንገት የመጣ ሁሉ ለሱ ጅብ ነው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ደሃ ነኝ፤ ቆሞ ሲበላ ማን ይከፍልልኛል?» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሁለት ሳምንት ጭድና ፉርሽካ በአንድ በኩል፤ በሌላ በኩል የተቀደደ ደረት፣ የሐኪም ወጪ፣ ሳምንታት ሥራ መፍታት። መንጋጋ ቆልፍ ከያዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፤ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ እንደ ፈረስ የተጋለጠ የለም። ታዲያ የትኛው ነው የሚያደኸየው?

ስለዚህ ቢያንስ አሥር ቀን ስጡት። ረጋ ካለ ፈረስ ወይም አህያ አጠገብ እሰሩት፣ እንዲተያዩ ብቻ። ገንዳና ዕቃ አያጋሯቸው፤ በእግርና በደረት ላይ ተርታውን እያበጠ የሚፈነዳው በሽታ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ነው የሚተላለፈው። አንድ ሰው ብቻ ይመግበው፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። ሲቀርበው እያናገረ፣ በግራ ትከሻው በኩል ይምጣ። ደጋግሞ ትንሽ ትንሽ ይብላ፤ ሆዱ ጠባብ ነው፣ ማስታወክም አይችልም። ገብስ ወይም ፉርሽካ በአንድ ጊዜ ከሞላችሁለት በሆድ ቁርጠት ይሞትባችኋል። የለመደውን መኖ ከሻጩ ጠይቃችሁ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ቀይሩት። ውሃ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይፈልጋል፣ በተለይ ሲሠራ።

ግቢውን ደግሞ እዩት። እኛ ሰፈር ግንባታ አያልቅም፤ ሚስማር፣ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ የአጥር ሽቦ በየቦታው ነው። የሚደነግጥ ፈረስ እነዚህን ሁሉ በቆዳው ነው የሚያገኛቸው። እግሩን በናይለን ገመድ አትሰሩ፣ ሥጋውን ይቆርጣል።

ከዚያ በኋላ ያለ ጋሪ፣ በእጅ እየመራችሁ ጸጥ ባለ መንገድ አንሸራሽሩት። ቀጥሎ ሰው ባዶ ጋሪ ከኋላው እየጎተተ ድምፁን ይስማ። ቀጥሎ ባዶ ጋሪ ይጎትት። ጭነት መጨረሻ ላይ ነው፣ አስፋልት ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ።

ከቆሰለስ? የተቃጠለ የመኪና ዘይት የምታፈሱበት፣ በጋለ ብረት የምትተኩሱት፣ እባካችሁ ተዉ። ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ለግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ እጠቡት። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። የቅርባችን ክሊኒክ ካቃተው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ የምንል፣ ጀግናን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ለጋሪ ፈረስ ሲሆን ግን ስም እንኳ አናወጣለትም፣ «ሂድ!» ብቻ።

አንዳንዱ ፈረስ በእርግጥ ከሌላው ይበልጥ ይፈራል፣ ቆዳውም ቶሎ ይላጣል። ሁለት ወር ቆይቶም መኪና ሲሰማ የሚንቀጠቀጥ ካለ መንገድ ላይ አታውጡት፤ በገጠር መንገድ እህልና ጭድ ቢያመላልስ ይሻለዋል፣ ለእናንተም ይሻላል። ማሰሪያው በሚያርፍበት ጫንቃና ደረቱ ላይ ወፍራም ጨርቅ አድርጉለት፣ ማታ ማታ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ያበጠ ወይም የሞቀ ቦታ ካለ በማግስቱ አይሠራም።

የአባታችን ፈረስ ቁስሉ እየደረቀ ነው። ከጎረቤት አህያ አጠገብ አስረነዋል፣ መብላትም ጀምሯል። ጋሪው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ እስከሚቀጥለው ወር እንዳይነካ ከሳቸው ጋር ተስማምተናል። ጅራፉን ግን እኔ ወስጄዋለሁ።