ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ሌሊት ባትዎን ሸምቅቆ ይይዝዎታል?



«ዶክተር፣ ክብደቴ ቀንሷል፤ ግን ሌሊት ባቴን ሸምቅቆ ይይዘኛል፤ ሙዝ ብበላ ይተወኛል?» ትሉኛላችሁ። እኔ ሙዙ ላይ ብዙ ተስፋ አልጥልም። መጀመሪያ የምጠይቀው ውኃ ነው። የተቀነሰ ጨጓራ አንድ ብርጭቆ በአንዴ አይችልም፤ ስለዚህ ሳይታወቅዎ ሰውነትዎ ፈሳሽ ያጥረዋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለብዎ፣ ጥቂት በጥቂት እየተጎነጩ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ያድርሱ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ከሰዓት መጾምን አልደግፍም፤ የሃይማኖት አባትዎን ያማክሩ።

ሌላው ቫይታሚን ነው። ውጭ አገር ተሠርተው የሚመጡ ሰዎች ይዘውት የመጡት ሲያልቅ ያቆሙታል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እኮ የዕድሜ ልክ ነው! ካልሲየሙን ከአይረን ጋር አብረው አይዋጡ፤ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑረው። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሐኪምዎ መጠኑን ይከልስልዎ።

ሲይዝዎት ጉልበትዎን ዘርግተው የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ።

አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ትውከት እየደጋገመዎት እግርዎ ከደነዘዘ ደግሞ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ካልታከመ ነርቭ ይጎዳል። በሁለቱም እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።