ሜዳውን በአንድ የስንዴ ዝርያ አንሸፍን

በመስከረም ወር ከኢተያ ተነሥቶ ወደ አሰላ ለሚጓዝ ሰው ግራ ቀኙ ስንዴ ነው። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ሜዳ ዓይን ያጠግባል። ሆኖም ይህን ያህል አዝመራ በአንድ ወይም በሁለት ዝርያ ሲሸፈን አደጋ እንዳለው መናገር ይገባል።

ሥነ ምህዳር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በአርሲ ተራሮች ላይ ስላሉት ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ነው። የገበሬው ማሳም ግን ሥነ ምህዳር ነው። አፈሩ፣ ዝናቡ፣ ነፋሱ፣ ሰብሉ፣ አረሙና ተባዩ ተያይዘው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይነካል። ብዝኃ ሕይወት የሚባለውም የአራዊትና የዛፍ ዓይነት መብዛት ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰብል ውስጥ ያሉትን ልዩ ልዩ ዝርያዎችም ይጨምራል።

ዋግን እንውሰድ። ዋግ በሕይወት ባለ ተክል ላይ የሚኖር ሻጋታ ሲሆን ብናኙ በነፋስ ከወረዳ ወረዳ ይጓዛል። የሚስማማውን ዝርያ ሲያገኝ ይባዛል፤ የሚቋቋመው ሲገጥመው ይገታል። ሜዳው በሙሉ አንድ ዝርያ ከሆነ ግን የሚገታው የለም። አርሲ ይህን ደጋግማ አይታዋለች። በ1986 ምርት ዘመን እንኮይ የተባለው ስንዴ በግንድ ዋግ ተመታ። በ2003 ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳን አጠቃ። ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ ዲገሉ ተስፋፋ፤ በ2006 ደግሞ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ እሱኑ መታው። ዝርያዎቹ በየጊዜያቸው ጥሩ ነበሩ፤ ጉዳቱን ያበዛው ገበሬው ሁሉ አንዱን ይዞ መገኘቱ ነው።

በዚህ ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ስንዴ ገበያ አለው፣ ለኮምባይነርም ይመቻል። «ሰብል አፈራርቅ» ማለት ለእኛ ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀላል ነው፤ «የባቄላ ምርጥ ዘር ከየት ላምጣ?» ስንባል ግን መልስ ያጥረናል። ባቄላና አተር ግን በሥራቸው በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳሉ፤ በየዓመቱ ስንዴ ብቻ በሚዘራበት ማሳ የሚበረታቱትን ሙጃንና ሲናርን ለመቆጣጠርም ይረዳሉ። ማዳበሪያ በተወደደበት ጊዜ ይህ የሚናቅ አይደለም።

ነባሩን ገብስም አንርሳ። ገብስን የሚያቀጭጭና የሚያወይብ አንድ የቫይረስ በሽታ ካሊፎርኒያን ባስቸገረ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነበር። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ ነባር ዘሮችን ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ በባንክ ያለ ዘር ከአዲስ በሽታና ከውርጭ ጋር አይለማመድም፤ ያንን የሚያደርገው በገበሬው ማሳ ላይ የሚዘራው ነው።

በመሆኑም ለመጪው መኸር የዘር ሥርጭት ሲታቀድ ወደ አንድ ወረዳ የሚላከው ስንዴ ከሦስት ዝርያ እንዳያንስ፣ የባቄላና የአተር ዘርም አብሮ እንዲጫን የሚመለከታቸው ክፍሎች ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል። ሰኔ ከገባ በኋላ ገበሬው ያገኘውን ይዘራል። የትኛው ዝርያ ከየትኛው ጋር ይሂድ ለሚለውም የኩሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ በአሰላ መንገድ ላይ ነው፤ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያሻም።