«እርዳኝ ልርዳህ» ያለው ማነው?

«እርዳኝ ልርዳህ ብሏል እግዚአብሔር» ሲባል ያልሰማ አለ? ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይለዋል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሳይቀር እንደ ጥቅስ ይደግመዋል። እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አንሡና ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ገልብጡት። የለም! እግዚአብሔር እንዲህ ያለበት ቦታ የለም። ለእርሻና ለጥናት ከሆነ ጥሩ ምክር ነው፣ አልጣላውም። ከኃጢአት ጋር ለሚታገል ሰው ግን መርዝ ነው እላለሁ።

ለምን? ሁላችንም የምናውቀውን ልጅ እንውሰድ። ሁዳዴ ሲገባ ይምላል። «ጫት በቃኝ፣ አረቄ በቃኝ፣ ሌሊት ስልኬ ላይ የማየውም ነገር በቃኝ!» 55ቱን ቀን ጥርሱን ነክሶ ይጨርሳል። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ሳያልቅ ግን እዚያው የድሮ ቦታው ታገኙታላችሁ። ለፍልሰታ እንደገና ይምላል፣ እንደገና ይሰብራል። በሦስተኛው ላይ «እኔ እንደሆንኩ አልረባም» ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ መርገጥ ይተዋል።

ማነው ያባረረው? ቄሱ አይደሉም። እግዚአብሔርም አይደለም። ያባረረው ያ ተረት ነው፤ «መጀመሪያ የራስህን ድርሻ ጨርሰህ ና» ያለው ተረት። የታመመ ሰው «እስቲ መጀመሪያ ልዳንና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» ይላል እንዴ?

በራስ ጉልበት የመታመን አንዱ ፍሬ ይኸው ነው፤ የተሸነፈው ተስፋ ይቆርጣል። ሁለተኛው ፍሬ ደግሞ ያሸነፈ የመሰለው ሰው ላይ ይታያል፤ እሱ ይብሳል። እሱን ለማየት ወደ ደብረ ብርሃን እንውጣ።

ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነው) ተራ ሰው አልነበሩም። የተማሩ ነበሩ፤ «መጽሐፈ ብርሃን»ን የመሰለ ሥራ በስማቸው ይታወቃል። ጣዖትን መጥላታቸው የውሸት አልነበረም። ችግሩ ኃጢአትን ለማጥፋት የመረጡት መሣሪያ ነው። ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ላይ ሰይጣንን የካደበትን ቃል እንዲይዝ አዘዙ። እምቢ ያለ ይቀጣል። ሰይጣንን በአዋጅ ማለት ነው!

ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት ደግሞ «ለማርያምና ለመስቀሉ አንሰግድም ብለዋል» ተብለው ተከሰሱ፤ በድንጋይ አስወገሯቸው። ከዚያ በኋላ ነው በሰማይ ብርሃን የታየው፣ ንጉሡም እንደ ምልክት ቆጥረው ቤተ ክርስቲያን የሠሩት። የከተማዋም ስም ከዚያ መጣ። የተወገሩት ሰዎች ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት ጽፈው አቆይተውልናል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአማርኛ መልሰውልናልና ገዝታችሁ አንብቡት።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ቤተ መንግሥቱስ ጸዳ? አልጸዳም። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ እንደሚነግረን ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው «ጣዖት አመለኩ» ተብለው ተከሰሱ፣ ተገረፉ፤ ከእነሱም የሞቱ አሉ። የልጃቸው የበእደ ማርያም እናትም ተገርፋ ሞተች። በእደ ማርያም አልጋውን ሲወርስ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ለእስረኞች ምሕረት ማወጅ ነበር።

ጦር፣ አዋጅ፣ ጅራፍና ዕውቀት በእጁ የነበረ ሰው ኃጢአትን ከገዛ እልፍኙ ማስወጣት ካቃተው፣ እኔና አንተ በአንድ ሳምንት መሐላ ከልባችን እናስወጣዋለን? ደግሞስ በትንሹ ዘርዓ ያዕቆብ ያልሆነ ማን አለ? ለሁለት ወር አረቄ የተወ ሰው ያልተወውን ጓደኛውን እንዴት እንደሚያየው አይታችሁ የለ? በጉልበቴ አሸነፍኩ ያለ ሰው ለወደቀ አያዝንም። «እኔ ከቻልኩ አንተስ ለምን አቃተህ?» ይላል። ድንጋይ ማንሣት የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» የሚል አይጠፋም። ማን ቁጭ በሉ አለ? ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚያወጣውን ዳገት አስቡት። መንገድ ላይ የደከመው ሰው የሌላውን እጅ ሲይዝ መራመዱን አይተውም፤ እንዲያውም የሚራመደው ስለተያዘ ነው። አናቱ ላይ ሲደርስ ግን «በጉልበቴ ወጣሁ» ብሎ አይፎክርም። ከኋላው የቀረውንም አይሰድብም፤ እጁን ይዘረጋለታል እንጂ።

ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ንስሐው እንደዚያ የተዘረጋ እጅ ነው። የጡንቻ ማሳያ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን 41 ጊዜ ኪርያላይሶን የምታስብለን ለምን ይመስላችኋል? «አቤቱ ማረን» ማለት ነው፤ «አቤቱ ሞክሬያለሁና ነጥብ ስጠኝ» ማለት አይደለም። ጴጥሮስ «ሁሉ ቢክድህ እኔ አልክድህም» ብሎ የፎከረ ዕለት ዶሮ ሳይጮህ ካደ። ባሕር ላይ ሲሰጥም ግን ዋና አልሞከረም፤ «አድነኝ» ብሎ ጮኸ፣ ተያዘም። ከሁለቱ ጴጥሮሶች የትኛው እንደ ዳነ ልብ በሉ። ጳውሎስም ቢሆን የተመካው በድካሙ ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው መሐላ የቀረኸው ወንድሜ፣ የሸሸሽውም እህቴ፣ አራተኛ አትማሉ። ደርሶባችሁ ያያችሁትን ድካም ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ «አልቻልኩም፣ እሱ ይቻልልኝ» በሉ። አበው «ለማያለቅስ ልጅ ጡት አይሰጠውም» ያሉት በከንቱ አይደለም። ልጅ የሚያለቅሰው ስለተራበ ነው እንጂ ድርሻውን ስለጨረሰ አይደለም።

ቸር እንሰንብት።